ትንሽ ክለብ ተጫዋች እንዴት ይመልምል?

ክረምት በመጣ ቁጥር ክለቦቻችን አሥር ምናምን ተጫዋች ያስፈርማሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ግማሹ ይሰናበታል። አሰልጣኙም አብሮ ይሄዳል። አዲሱ አሰልጣኝ ደግሞ የራሱን አሥር ምናምን ይዞ ይመጣል። ገንዘቡ እንዲሁ ባክኖ ይቀራል፣ ልጆቹም በየዓመቱ ሻንጣቸውን ይዘው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። ይሄ የአሠራር ችግር ነው። አሠራር ደግሞ ብዙ ብር ሳይፈስ ሊስተካከል ይችላል።

ይህን የምጽፈው በከፍተኛ ሊግ ወይም በአንደኛ ሊግ ክለብ ለምትሠሩ፣ የታዳጊ ፕሮጀክት ለምትይዙ፣ ለቡድን መሪዎችና ለአሰልጣኞች ነው። ምሳሌዎቼ በብዛት ከእንግሊዝ ናቸው። ሁላችንም የምናያቸው ቡድኖች ስለሆኑ ለመግባባት ይቀለናል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በስቲቭ ዋልሽ ልጀምር። ዋልሽ ሌስተር ሲቲ ውስጥ የምልመላው ዋና ሰው ነበር። ጄሚ ቫርዲ በ2012 ከአምስተኛው እርከን፣ ከፍሊትዉድ፣ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ። ሪያድ ማህሬዝ በጥር 2014 ከፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን በ400 ሺህ ፓውንድ ገደማ ተገኘ። ንጎሎ ካንቴ በ2015 ከፈረንሳዩ ክለብ ካን በ5.6 ሚሊዮን ተገዛ። በ2016 ሌስተር ሻምፒዮን ሆነ። ኤቨርተን ወዲያው ዋልሽን የእግር ኳስ ዳይሬክተር አድርጎ ወሰደው። በቀጣዩ ክረምት ኤቨርተን ሮሜሉ ሉካኩን ሸጠ፣ ከዚያም ዌይን ሩኒን፣ ዴቪ ክላሰንንና ጊልፊ ሲጉርድሰንን አመጣ። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ፣ አሥር ቁጥር በሚባለው ከአጥቂው ጀርባ፣ መጫወት የሚወዱ ናቸው። የሉካኩን ቦታ የሚሞላ ዘጠኝ ቁጥር፣ ማለትም ዋና አጥቂ፣ ግን አልተገኘም። አሰልጣኙ ሮናልድ ኩማን ጥቅምት ላይ ተሰናበተ።

የዋልሽ ዓይን በአንድ ዓመት ውስጥ አልደከመም። አሰልጣኙም፣ ዳይሬክተሩም፣ ባለሀብቱም በዝውውሩ እጃቸው ነበረበት፣ የሚያገናኛቸው አንድ ዕቅድ ግን አልነበረም። እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ማን እንደሚወስንና ምን እንደሚፈለግ ያልለየ ክለብ በዓለም ምርጡን መልማይ ቢቀጥር እንኳ ይከስራል።

ማን ይወስናል?

አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፉት። ቦርዱ በጀት ይወስናል፣ በጀቱን ካጸደቀ በኋላ በተጫዋች ስም ውስጥ አይገባም። አሰልጣኙ እንዴት እንደሚጫወትና የትኛው ቦታ እንደጎደለው ይናገራል፣ የማይፈልገውን ተጫዋች «አይሆንም» የማለት መብትም አለው። ከዚያ ደግሞ አሰልጣኝ ሲቀየር የማይቀየር አንድ ሰው ያስፈልጋል። ውጭ አገር ስፖርቲንግ ዳይሬክተር ይሉታል፣ እናንተ ጋ ቴክኒክ ዳይሬክተሩ ወይም ቡድን መሪው ሊሆን ይችላል። ስሙ ምንም ቢሆን ሥራው አንድ ነው፤ የክለቡን የሦስት ዓመት ዕቅድ ይይዛል፣ መልማዮቹ ለእሱ ሪፖርት ያደርጋሉ። እሱና አሰልጣኙ ሁለቱም «እሺ» ካላሉ ማንም አይፈርምም።

አሰልጣኙ ብቻውን ቢመርጥስ የሚል ይኖራል። አሰልጣኝ በአንድ መጥፎ ወር ሊሰናበት ይችላል፣ እሱ ያመጣው ተጫዋች ውል ግን ሁለትና ሦስት ዓመት ይቀጥላል። ማንችስተር ዩናይትድን አስታውሱ። ፈርጉሰንና ሥራ አስኪያጁ ዴቪድ ጊል በ2013 አብረው ሄዱ። ከዚያ ሞዬስ፣ ቫንሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር ተፈራረቁ፣ እያንዳንዱም ለራሱ ጨዋታ የሚሆነውን አስመጣ። ክለቡ የእግር ኳስ ዳይሬክተር የሾመው በመጋቢት 2021 ነው። ብራይተንን ደግሞ ተመልከቱ። በመስከረም 2022 ቼልሲ አሰልጣኙን ግራሃም ፖተርን ወሰደ፣ ብዙም ሳይቆይ የምልመላ ኃላፊውን ፖል ዊንስታንሊንም ወሰደ። ብራይተን በዚያው ዓመት ስድስተኛ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓ ውድድር ገባ። ሰው ሄደ፣ ዕቅዱ ግን ክለቡ ውስጥ ቀረ።

ይህ ማለት አሰልጣኙ ይገፋ ማለት አይደለም። በ2017 የሊቨርፑሉ አሰልጣኝ ክሎፕ የጀርመናዊውን ዩሊያን ብራንትን ጉዳይ እያሰበ ሳለ ስፖርቲንግ ዳይሬክተሩ ማይክል ኤድዋርድስና መልማዮቹ «ሳላህን እንውሰድ» እያሉ ይወተውቱት ነበር፣ ይህን ራሱ ክሎፕ ተናግሯል። ክሎፕ ሰማቸው። ሳላህ በመጀመሪያ ዓመቱ በሊጉ 32 ጎል አገባ። ክሎፕ የሰማቸው ማስረጃ ይዘው ስለመጡና ከዚያ በፊት ያመኗቸው ነገሮች ትክክል ሆነው ስላያቸው ነው። እንዲህ ያለ መተማመን በአንድ ክረምት አይገነባም።

ከመውጣታችሁ በፊት የራሳችሁን ቡድን ቁጠሩ

ብዙ ሰው ይህችን ደረጃ ይዘላል። በደብተርም ይሁን በኤክሴል የሁሉንም ተጫዋች ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ውሉ የሚያልቅበትን ወር፣ ዘንድሮ የተጫወተውን ደቂቃ፣ ደመወዙንና ያመለጡትን ጨዋታዎች በጉዳት ከሆነ ለይታችሁ ጻፉ። ከዚያ ውላቸው ከአንድ ዓመት በታች የቀራቸውን በቀይ አስምሩ። በፊፋ ደንብ ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር ለቀጣዩ ውል መስማማት ይችላል። ስለዚህ ቀይ የተሰመረበት ልጅ ጉዳይ ዛሬውኑ ይወሰን፤ ወይ ይራዘምለት ወይ ይሸጥ፣ አለበለዚያ ተተኪው መፈለግ ይጀመር።

አሁን የጎደለው ቦታ ይታያችኋል። ግን ወዲያው ወደ ገበያ አትሩጡ። ከታች ከታዳጊው ቡድን ቦታውን በአብዛኛው መሸፈን የሚችል ልጅ ካለ፣ እሱ ይግባ። ይሳሳታል፣ ይሳሳት። ከውጭ የሚመጣውም ይሳሳታል፣ ደመወዙ ብቻ ነው የሚለየው።

የግድ መግዛት ካለባችሁ የምትፈልጉትን ሰው ሥራ ጻፉ። «ጥሩ አማካይ» የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ይጻፍ፤ «የግራ መስመር ተከላካይ። ግራ እግሩ ዋናው የሆነ። እየሮጠ ማሻማት የሚችል። ሜዳው ሲጨቀይም 90 ደቂቃ የሚመላለስ። ከ24 ዓመት በታች። ደመወዙ ከመስመር ተጫዋቾቻችን የማይበልጥ።» ይህ ወረቀት በእጃችሁ ካለ ወኪል ስልክ ደውሎ «ምርጥ አሥር ቁጥር አለኝ» ሲላችሁ መልሱ አጭር ነው፤ አሁን አሥር ቁጥር አንፈልግም።

የት እንፈልግ?

ሁሉም ሰው የሚያየውን ተጫዋች ስታዩ ዋጋው ላይ ትሸነፋላችሁ። ብሬንትፎርድ ኦሊ ዋትኪንስን በ2017 ከአራተኛው እርከን ከኤክሰተር በ1.8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወስዶ በ2020 ለአስቶን ቪላ በ28 ሚሊዮን ሸጠው። ብራይተን ሞይሰስ ካይሴዶን ከኢኳዶሩ ኢንዴፔንዲየንቴ ዴል ቫዬ በ4.5 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ አመጣ፣ በ2023 ቼልሲ 100 ሚሊዮን ከፈለበት፣ ጭማሪው ሲታሰብ እስከ 115 ሚሊዮን ይደርሳል። ብራይተን ሚቶማንም ከጃፓን አምጥቶ መጀመሪያ ለቤልጂየሙ ዩኒየን ሴንት ዢሉዋዝ በውሰት ሰጠው። ሁለቱም ክለቦች ሌላው ብዙም የማያይበት ቦታ ላይ ጊዜ አጥፍተዋል።

እናንተ ኢኳዶር መሄድ አይጠበቅባችሁም። ሁለት ወይም ሦስት አካባቢ ምረጡና ጠንቅቃችሁ እወቁት። የአንደኛ ሊግ ምድቦች አሉ፣ የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ውድድሮች አሉ፣ ክረምት ላይ በየሰፈሩ የሚደረጉት ዋንጫዎች አሉ። በየአካባቢው የምታምኑት አንድ ሰው ይኑራችሁ። የስፖርት መምህር ጥሩ ነው። ከሁሉም ግን ዳኞችን ጠይቁ፣ ማንም የማያስታውሳቸው እነሱን ነው። ዳኛ በአንድ ዓመት በጣም ብዙ ቡድን ከሁለት ሜትር ርቀት ያያል፣ ማን ሲመቱት እንደሚነሳና ማን ሲመቱት እንደሚጠፋ ያውቃል። የመልማዩን የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ አትሰስቱ። የአንድ ዓመት የመልማይ ወጪ ከአንድ ያልተሳካ ተጫዋች የጥቂት ወር ደመወዝ አይበልጥም።

ጨዋታ ሲታይ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

ቀድማችሁ ግቡ። ሰውነት ሲያሟሙቁ ማን በትክክል እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቀልድ ይታያል። ከፍ ያለ ቦታ ተቀመጡ፣ የአሰልጣኞቹ መቀመጫ አጠገብ ሆኖ የቡድን ቅርጽ አይታይም። ከዚያ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ኳሱን ተዉትና የመጣችሁበትን ልጅ ብቻ እዩ። ኳስ ከመድረሷ በፊት ዞር ብሎ ያያል? ኳስ ሲነጠቅ እጁን ዘርግቶ ዳኛ ያያል ወይስ ይመለሳል? ጓደኛው ሲሳሳት ይጮህበታል ወይስ ይሸፍንለታል? ሁለት ለባዶ እየተመሩ ኳስ ይጠይቃል ወይስ ይደበቃል? ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ሩጫው ምን ይመስላል? ጎልና ድሪብል ሁሉም ሰው ያያል፣ መልማይ የሚከፈለው ለቀረው ነው።

የሜዳውን ነገር ግምት ውስጥ አስገቡ። ብዙዎቹ ሜዳዎቻችን ኳስ ያነጥራሉ፣ ስለዚህ አንድ ልጅ ኳስ ቢያመልጠው ቶሎ አትፍረዱበት። ውሳኔውን ፍረዱ። ለማን ለማቀበል አሰበ? ያሰበው ትክክል ከነበረ እግሩ በተሻለ ሜዳ ላይ ይስተካከላል። ሐሳቡ የተሳሳተውን ግን ምንጣፍ የመሰለ ሜዳ አያድነውም።

ሪፖርቱ በዚያው ምሽት ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። መጨረሻው ላይ ከሦስት አንዱ ይኑር፤ «ይፈረም»፣ «እንደገና ይታይ»፣ «ይቅር»። «ጥሩ ልጅ ነው» የሚል ሪፖርት መልሱለት።

አንድ ጊዜ አይቶ ማስፈረም የለም። በሜዳው፣ ከሜዳው ውጪ፣ ከጠንካራ ቡድን ጋር ይታይ፣ በተለያየ ሰው ዓይን። ሁለቱ መልማዮች ሪፖርታቸውን ሳይጽፉ እርስ በርስ አይነጋገሩ፣ አለበለዚያ የአንዱ አስተያየት ሌላውን ይጎትታል። ሞንቺ ከ2000 እስከ 2017 የሴቪያ ስፖርቲንግ ዳይሬክተር በነበረበት ጊዜ መልማዮቹ የውድድር ዓመቱን የመጀመሪያ ወራት ማንንም ሳያሳድዱ ሊጎችን በሰፊው ያዩ ነበር፣ ከየሊጉም የወሩን ምርጥ አሥራ አንድ ያወጡ ነበር። ከዚያ ስማቸው የተደጋገመውን ብቻ ለይተው በሜዳቸውም ከሜዳቸው ውጪም መከታተል ይጀምራሉ። ይህን እኛም መቅዳት እንችላለን። የመጀመሪያውን ዙር ሰፋ አድርጋችሁ እዩ፣ ሁለተኛውን ዙር ጠበብ አድርጉት። ሐምሌ ላይ የሚጀምር ምልመላ ሌላው የጣለውን ከመልቀም አያልፍም።

ደግሞ ሜዳ ላይ ያሉትን ሃያ ሁለቱንም ተጫዋቾች ልብ በሉ። ዋልሽ «ለ ሃቭር» ወደተባለው የማህሬዝ የፈረንሳይ ክለብ የሄደው ሌላ ተጫዋች ለማየት ነበር፣ ይዞ የተመለሰው የማህሬዝን ስም ነው።

ስለ ሙከራም አንድ ነገር ልበል። መቶ ልጅ በአንድ ጠዋት ሰብስቦ በሃያ ደቂቃ ጨዋታ መምረጥ ግፍ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚመረጠው ቀድሞ ያደገው፣ ትልቁና ፈጣኑ ልጅ ነው። በብዙ አገር እንደታየው በአንድ የዕድሜ ክልል ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች ከመጠን በላይ ይመረጣሉ፣ ምክንያቱም ከጓደኞቻቸው እስከ አንድ ዓመት ገደማ ይበልጣሉ። ሙከራ የግድ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ቀን ይሁን፣ በትንሽ ሜዳ አራት ለአራት ይጫወቱ፣ የትውልድ ወራቸውም ስማቸው አጠገብ ይጻፍ።

ቁጥር ይረዳል

ሊቨርፑል በ2012 ኢያን ግራሃም የተባለ የፊዚክስ ዶክተር ቀጥሮ የጥናት ክፍሉን አስያዘው። እናንተ ዶክተር አያስፈልጋችሁም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከፍ ካለ ቦታ የሚቀርጽ ስልክና ደብተር ይበቃል። ከሁሉ በፊት ሁሉንም በ90 ደቂቃ አስሉ። በ900 ደቂቃ 6 ጎል ያገባ ተቀያሪ በ2,400 ደቂቃ 10 ካገባው ቋሚ ይበልጣል፣ ስታካፍሉት ታዩታላችሁ። ፍጹም ቅጣት ምቶችን ለብቻ አውጡ። አጥቂ ከሆነ ከሳጥን ውስጥ ስንት ጊዜ መታ የሚለው ካገባው ጎል ይልቅ የሚቀጥለውን ዓመት ይነግራችኋል፣ ጎል ሲመጣ ይመጣል ሲጠፋ ይጠፋል፣ ጥሩ ቦታ መገኘት ግን የተጫዋቹ ባሕርይ ነው። ቁጥር ማንን ሄዳችሁ እንደምታዩ ይጠቁማል። ልጁ ይፈረም አይፈረም የሚለውን ግን ሄዶ ያየው ሰው ይበል።

ከሜዳ ውጪና ወረቀቱ

የቀድሞ አሰልጣኙን ብቻ አትጠይቁ፣ እሱ ሊሸጠው ይፈልግ ይሆናል። ትጥቅ ያዡን ጠይቁ፣ አብሮት ያደረውን ተጫዋች ጠይቁ። ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ሐኪም ይየው፣ ከፊርማ በፊት።

ዕድሜ ላይ አትደራደሩ። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ዕድሜን ለማጣራት የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያስመረምራል፣ የተዋሸ ዕድሜ አንድ ቀን ይጋለጣል። ከመጋለጡም በላይ ራሳችሁን ነው የምታታልሉት፣ 17 ነው ብላችሁ የያዛችሁት የ21 ዓመት ልጅ ከዚህ በኋላ የሚያድገው ጥቂት ነው፣ በእሱ ምክንያት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ይተዋል።

ውል በፊፋ ደንብ ቢበዛ አምስት ዓመት ነው፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ሦስት። ከ18 በታች ያለን ልጅ ወደ ሌላ አገር ማዘዋወር በጥቂት ተለይተው በተቀመጡ ምክንያቶች ካልሆነ የተከለከለ ነው። ባርሴሎና ይህን ጥሶ ሁለት የዝውውር መስኮት አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ታግዷል። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ይህን የ16 ዓመት ልጅ አውሮፓ ላስገባው፣ ቤተሰቡ ለቪዛና ለአውሮፕላን ይክፈል» ካለ ደላላ ነው፣ አባርሩት፣ ለቤተሰቡም ንገሩ። ከብትና መሬት ተሸጦ ልጅ በባዕድ አገር ጎዳና ላይ ሲቀር ዝም ያለ ክለብም ተጠያቂ ነው። ወኪል ነኝ የሚል የፊፋ ፈቃዱን ያሳይ።

አሁን ብዙ ክለብ የሚያጣውን ገንዘብ ልንገራችሁ። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር በገንዘብ ሲዘዋወር ከክፍያው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው እያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ። ልጁ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ እስከ 17 ዓመቱ መጨረሻ እናንተ ጋ ከነበረና በኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ፣ አራቱ ዓመት 1 በመቶ፣ ሁለቱ ዓመት 1 በመቶ፣ በድምሩ 20 ሺህ ዶላር የእናንተ ነው። ለትንሽ ክለብ ይህ ስንት ነገር ይሠራል! ግን ልጁ በእናንተ ስም ፌዴሬሽን ዘንድ ካልተመዘገበ ሳንቲም አይመጣም። አቡበከር ናስር በ2020/21 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ በ2022 ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄዷል፣ ሌሎችም ይሄዳሉ። ስለዚህ ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ ልጆቻችሁን አስመዝግቡ፣ የየዓመቱን ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከእጃችሁ የሚወጣ ተጫዋች መልቀቂያ ላይም «በድጋሚ ሲሸጥ ከትርፉ ይህን ያህል በመቶ» የሚል አንቀጽ ይግባበት።

ከፈረመ በኋላ

ልጁ ከጋምቤላ ወይም ከጂንካ መጥቶ ሌላ ከተማ ሲገባ ቤት፣ ምግብና ቋንቋ ሁሉም አዲስ ነው። የመጀመሪያውን ወር አንድ ነባር ተጫዋች አብሮት ይሁን፣ ደመወዙም በቀኑ ይግባ። ደመወዝ ሳይከፈለው ሦስት ወር የቆየ ልጅ ቢደክም ሪፖርቱን የጻፈውን መልማይ አትውቀሱ።

መሸጫ ጊዜውንም ቀድማችሁ አስቡ። ብሬንትፎርድ በ2019 ኒል ሞፔን ሲሸጥ አዲስ አጥቂ ፍለጋ አልተራወጠም፣ በክንፍ ይጫወት የነበረውን ዋትኪንስን ወደ መሐል አስገባው። ዋትኪንስ ሲሸጥ አይቫን ቶኒ ከፒተርቦሮ ተገዛ፣ በመጀመሪያ ዓመቱም በሊጉ 31 ጎል አግብቶ ክለቡ ከ74 ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው እርከን ተመለሰ። ለእያንዳንዱ ቋሚ ተጫዋች ተተኪ የሚሆኑ ሦስት ስሞች በደብተራችሁ ይኑሩ፣ በየሦስት ወሩም ይታደሱ።

በመጨረሻ የድሮ ሪፖርቶችን አትጣሉ። ከዓመት በኋላ አውጥታችሁ አንብቧቸው፣ በተለይ «ይቅር» የተባሉትን። የትኛው መልማይ ስለ ማን ትክክል ነበር፣ የትኛው ስለ ግብ ጠባቂ ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ የትኛው ረጃጅም ልጅ ብቻ ይወዳል፣ ሁሉም እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ በቀጣዩ ዓመት ማንን ወደ የትኛው ሜዳ እንደምትልኩም ከዚያ ትወስናላችሁ።